«16 ሕግ ብቻ ነው» ያላችሁኝ ሰዎች፣ ኑ እስኪ

ዛሬ ብሶቴን ካላወጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ኤስፔራንቶ መማር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። አዎ፣ ያ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠረው ቋንቋ። «ምን ያደርግልሃል?» የሚለውን ከቤትም ከሰፈርም ጠግቤዋለሁና እናንተ እንኳ ተዉኝ።

የተታለልኩት «ሰዋስዉ 16 ሕግ ብቻ ነው» ተብዬ ነው። ውሸት አይደለም። ዛመንሆፍ የሚባል የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 ዋርሶ ላይ ባሳተማት መጽሐፍ ውስጥ 16ቱም ቁጭ ብለዋል። ስም በ«ኦ» ያልቃል፣ ቅጽል በ«አ»። ግሱማ ሲያስቀና! ያለፈው «ኢስ»፣ የአሁኑ «አስ»፣ የሚመጣው «ኦስ»፣ አለቀ። እኔም በላሁ አንቺም በላሽ፣ ግሱ ንቅንቅ አይልም። በላሁ፣ በላህ፣ በላሽ፣ በላች እያለ ላደገ ሰው ይሄ ዕረፍት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሰውየውን ስመርቅ ነው የከረምኩት።

ከዚያ «ን» መጣች።

ድርጊቱ የሚያርፍበት ስም መጨረሻው ላይ «ን» ይጨመርበታል ሲሉኝ ሳቄ መጣ። ይሄማ የእኛው ነው! ፈረንጆቹ በዚህች ፊደል ሲያማርሩ እኔ እግሬን ዘርግቼ ነበር። «አበበን አየሁት» እያልኩ ያደግኩትን ሰውዬ ማን ሊያስተምረኝ?

ጉዴ የፈላው እዚህ ላይ ነው። የእኛ «ን» መራጭ ናት። «ዳቦ በላሁ» ስንል የለችም። «ዳቦውን በላሁት» ስንል ግን ከተፍ ትላለች፤ ተለይቶ የታወቀ ነገር ነው የምትወደው። የኤስፔራንቶዋ ማንንም አትመርጥም። የትኛውም ዳቦ ይሁን፣ «ሚ ማንጂስ ፓኖን» ማለት ግዴታ ነው። እኔ ደግሞ ሳላስበው «ፓኖ» ብዬ አልፋለሁ። አፑ ቀይ ያበራብኛል። ጨርሶ ባላውቃት ይሻለኝ ነበር።

ቅጽሉም አብሯት ይለብሳል። ቆንጆ አበቦች አየሁ ለማለት አበቦቹ «ቤላይን ፍሎሮይን» ይሆናሉ። ሁለቱም ብዙ፣ ሁለቱም ባለ «ን»። እንደ ሚዜ አንድ ዓይነት ልብስ ካልለበሱ አይወጡም።

ደግሞ «ማል» አለች። ከፊት ከለጠፍካት ቃሉን ትገለብጠዋለች። ሙቅ «ቫርማ»፣ ቀዝቃዛ «ማልቫርማ»። ቀኝ «ዴክስትራ»፣ ግራ «ማልዴክስትራ»። የሚሸመደድ ቃል ለመቀነስ ነው፣ ገባኝ። ግን በር ለመክፈት መዝጋትን መገልበጥ ምን የሚሉት ነው? ሆስፒታልን ተመልከቱ፦ «ማልሳኑሌዮ»። «ሳና» ጤነኛ፣ በ«ማል» ሲገለበጥ በሽተኛ፣ «ኡል» ሰው፣ «ኤይ» ቦታ። ቃሉን ጠርቼ እስክጨርስ ታማሚው ተሽሎት ይወጣል። («ሆስፒታሎ» የሚሉም አሉ፤ እግዜር ይስጣቸው።)

ቤት ውስጥ ጠብ ያመጣብኝ ግን ሌላ ነው። አባት «ፓትሮ» ነው። እናት ደግሞ «ፓትሪኖ»፤ «ኢን» የሴት ምልክት ናት። እማዬ አንድ ቀን ወጥ እያማሰለች «እስኪ እናት በዚህ ቋንቋህ ምን ትባላለች?» አለችኝ። እኔ ሞኙ ፍቺውን አብሬ ነገርኳት።

«ሴት አባት?»

ማማሰያዋን አስቀመጠች። «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩህ እኔ፣ ስሙ የእሱ?»

ምን ልበላት? ራሳቸው ኤስፔራንቲስቶቹም በዚህ ነገር ሲጨቃጨቁ ኖረዋል።

አንቱታም የለም። ለሕፃኑም፣ ለቄሱም፣ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ «ቪ» ነው። ጎረቤታችንን አባባን በሐሳቤ «ቪ» ብዬ ለመለማመድ ሞከርኩ። እሳቸው ሳይሰሙ እኔ አፈርኩ።

ዛሬ ማታ ደግሞ «ቡና እጠጣለሁ» የምትል መልመጃ መጣችልኝ። ቡና! በዚህ እንኳ አልሳሳትም አልኩ። «ሚ ትሪንካስ ካፎ» ብዬ በኩራት ላክሁ።

ቀይ። «ካፎን» ነው አሉ።

የቱን ቡና? ገና ውሃውም አልፈላ! ነገ ትምህርቱ ስለ ሻይ ነው።