የአፍሪካ ዋንጫን ቀን የሚቆርጠው ማን ነው?

የከተራ ዕለት ማታ የሰባት ዓመት ልጄ ቴሌቪዥኑ ላይ የተጻፈውን አይቶ «አባዬ፣ ይህ ዋንጫ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኛ ያኔ የነበርነው በ2018 ነው። ፈረንጆቹ 2026ን ከተቀበሉ ሁለት ሳምንት አልፏቸው ነበር። ሞሮኮ ያስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ስም ግን «2025» ይላል። ከዚያ በፊት ኮትዲቯር ያዘጋጀችው የ2023 ዋንጫ የተካሄደው በ2024 ነበር። ካሜሩን ያስተናገደችው የ2021 ዋንጫም በ2022። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ዋንጫው ከፍ ብሎ የታየው በስሙ ላይ የተጻፈው ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ለልጅ ምን ተብሎ ይነገራል?

ለካሜሩንና ለኮትዲቯር ምክንያት ነበራቸው። በሰኔና በሐምሌ እዚያ ዝናብ ነው፤ ካሜሩን ላይ ደግሞ ኮሮና ተጨመረ። ይህን እቀበላለሁ። ሞሮኮ ግን በሰኔ ምን ዝናብ አለባት? ዋንጫው ከበጋቸው የተነሣው ፊፋ በዚያው በ2025 ሰኔና ሐምሌ በአሜሪካ የ32 ክለቦች የዓለም ዋንጫ ስላዘጋጀ ነው። ጥር 12 ደግሞ የአውሮፓ ቻምፒዮንስ ሊግ ይመለስ ነበር። ስለዚህ የአህጉራችን ትልቁ ውድድር በሁለቱ መካከል በቀረችው ክፍተት ተሸጎጠ፤ ከታኅሣሥ 12 እስከ ጥር 10። ይህም አልበቃ ብሎ ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን የመልቀቅ ግዴታ የተጣለባቸው ውድድሩ ሊጀመር ስድስት ቀን ሲቀረው ብቻ ነው። ብሔራዊ ቡድን በስድስት ቀን ይሠራል? የዓለም ዋንጫ ቢሆን ኖሮ ይህን ማን ይደፍር ነበር?

ጥር ራሱ ችግር ነው ማለቴ አይደለም። እኛ ዋንጫውን ያነሣነው በራሳችን አቆጣጠር በጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ነው፤ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን ተቀብሎ። የሚያመኝ ቀኑን ሌላ ሰው መቁረጡ ነው። ዘንድሮ የገና ዋዜማ ሰው ለሌሊቱ ቅዳሴ ነጠላውን ሲያዘጋጅ ኮትዲቯርና ቡርኪና ፋሶ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የጥሎ ማለፍ ጨዋታቸውን ጀመሩ። ፍጻሜው ደግሞ የከተራ ማታ በዚያው ሰዓት። ታቦት ሸኝቶ የዋለ ሰው እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ተቀምጦ ማየት አለበት። የእኛን በዓል አስቡልን አልልም፤ አፍሪካ ሃምሳ አራት ሀገር ናት። ግን ቢያንስ ስንደራረብ ምክንያቱ የራሳችን ይሁን።

የውድድሩ አቀራረብስ? በፈረንጆቹ 1957 ካርቱም ላይ ሲጀመር ሦስት ሀገሮች ነበሩ፤ ሱዳን፣ ግብፅና ኢትዮጵያ። ቁጥሩ ቀስ በቀስ አድጎ 16 ላይ ደረሰ፤ ከ2019 ጀምሮ 24 ሆነ። ማደጉ መልካም ነው። ነገር ግን 24 ቡድን በስድስት ምድብ ተከፍሎ 36 ጨዋታ ያደርግና የሚሰናበተው ስምንት ብቻ ነው! ከየምድቡ ሦስተኛ ከሚወጡት አራቱ ያልፋሉ። ኮትዲቯር በገዛ ሜዳዋ በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተረትታ፣ አሰልጣኟን አባርራ፣ ሞሮኮ ዛምቢያን እስክታሸንፍላት ጠብቃ በሦስት ነጥብ አለፈች፤ ዋንጫውንም ወሰደች። በ2019 ቤኒን አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች፤ ሞሮኮን የጣለችው በመለያ ምት ነው። ተጫዋቾቹ አላጠፉም፤ ሕጉ የፈቀደላቸውን አደረጉ። እኔ ግን የምድብ ጨዋታ ማለት ከተሸነፍህ ወደ ቤትህ የምትሄድበት እንጂ ካልኩሌተር ይዘህ የሌላውን ምድብ ውጤት የምትጠብቅበት መሆን የለበትም ባይ ነኝ።

ይህን ሁሉ ተሸክመን ሳለ ውድድሩ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንት ፓትሪስ ሞትሴፔ ከ2028 በኋላ የአፍሪካ ዋንጫ በየአራት ዓመቱ እንደሚሆን አስታወቁ። የፊፋው ፕሬዚዳንት ይህንኑ ሐሳብ በ2020 ሞሮኮ ላይ አቅርበውት ነበር። በምትኩ ከ2029 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ የአፍሪካ ኔሽንስ ሊግ ይመጣል አሉን። ሊግ ዋንጫን ይተካል?

ዋልያዎቹ በፈረንጆቹ 1982 ከተሳተፉ በኋላ እንደገና ለመግባት 31 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ያ ሁሉ ዘመን ያለፈው በየሁለት ዓመቱ በሩ እየተከፈተ ነው! በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ 1 ለ 1 ስንወጣ፣ አዳነ ግርማ ሲያገባ፣ የጮህነውን ጩኸት አስታውሱት። ያኔም በካሜሩንም ያገኘነው አንድ አንድ ነጥብ ነው፤ ግን ነበርን። በሩ በአራት ዓመት አንዴ ሲከፈትስ? የሜዳችንን ጨዋታ እንኳ ለዓመታት በሰው ሀገር ለተጫወትን ለእኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ካፍ ውስጥ የተቀመጡት ያውቃሉ? መሥራች ነበርን እኮ!

አባቴ 74 ዓመቱ ነው። በእኛ 1968 አዲስ አበባ ስታዲየም ተገኝቶ ሞሮኮ የመጀመሪያ ዋንጫዋን ስትወስድ አይቷል። ያኔ የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረም፤ አራት ቡድኖች በዙር ተጋጥመው ሞሮኮ ከጊኒ 1 ለ 1 ወጥታ ነው ያሸነፈችው። ዘንድሮ የሞሮኮን ፍጻሜ ከእኔ ጋር ሊያይ ተቀምጦ፣ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሳይደርስ ጋቢውን እንደተከናነበ እንቅልፍ ወሰደው። በማግሥቱ፣ ከጥምቀተ ባሕር ስንመለስ፣ በጣቱ ቆጠረ፤ በ2027 ጎረቤቶቻችን ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ፣ ከዚያ 2028፣ ከዚያ 2032። «እሱ ሲደርስ ሰማንያ ይሆነኛል» አለኝ። ዝም አልኩት።