ወጪት ሰባሪው ሐኪም

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የጃፓን የ1000 የን ኖት ወሬ ተነሳ። በ2024 የባክቴሪያ ተመራማሪው ኖጉቺ ሂዴዮ ወርዶ ሌላው የባክቴሪያ ተመራማሪ ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ የወጣበት ማለት ነው። አንዱ ተወያይ፣ "አፍሪካ መጥቶ የሞተውን ጀግና አውርደው ኖቤል እንኳ ያላገኘ የጀርመኖች ተማሪ ሰቀሉ" ብሎ አረፈ። አዘጋጁም "ልክ ነው" አለ። ቡናው ትን አለኝ።

ወንድሜ፣ ኖጉቺስ መቼ ኖቤል አገኘ? ተደጋግሞ ታጨ፣ አልተሰጠውም። የቢጫ ወባን ባክቴሪያ አገኘሁ ያለውም ስህተት ነበር፤ በሽታው የቫይረስ ነው። በ1928 አክራ ላይ ኖጉቺን የገደለውም ይኸው ቢጫ ወባ ነው። ነፍስ ይማር፣ ግን በኖቤል ከሆነ ሁለቱም ከኖቱ ይውረዱ።

"የጀርመኖች ተማሪ" የተባለው ኪታሳቶ በርሊን፣ ጀርመናዊው የባክቴሪያ ሊቅ ሮበርት ኮኽ ዘንድ ምን ሠራ? የመንጋጋ ቆልፍን (ቴታነስን) ባክቴሪያ ማንም ለብቻው ማሳደግ አልቻለም ነበር። ሌሎች ተህዋሲያን አብረውት ይበቅላሉ። ኪታሳቶ ድብልቁን 80 ዲግሪ ላይ አሞቀው። ሌላው ሞተ፣ የዚህኛው ዘር ተረፈ። አየር እንደማይወድ ስላወቀ ደግሞ አየሩን አስወጥቶ ሃይድሮጅን ሞላበት። በቀለ። ይህ በ1889 ነው። በዓመቱ እዚያው ኮኽ ዘንድ ከሚሠራው ከጀርመናዊው ቤህሪንግ ጋር ሆኖ የደም ሴረም ሕክምናን፣ ማለትም በሽታውን ከተቋቋመ እንስሳ ደም በተወሰደ ፈሳሽ ማከምን፣ ለዓለም አሳየ። በ1901 የመጀመሪያው የሕክምና ኖቤል ለቤህሪንግ ብቻ ሄደ። እና "ያላገኘ" ነው የሚባለው ወይስ "የተነፈገ"?

እኔን ግን ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ የቤሪቤሪ ነገር ነው። እግር ያሳብጣል፣ ልብ ያደክማል፣ ይገድላል። በ1885 ኦጋታ ማሳኖሪ የሚባል የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የቤሪቤሪን ባክቴሪያ አገኘሁ አለ። ኦጋታ ለኪታሳቶ ማን ነው? ባክቴሪዮሎጂ ያስተማረው፣ በርሊን እንዲገባ ደብዳቤ የጻፈለት ሰው። ኪታሳቶ እዚያው በርሊን ሆኖ ሥራውን መረመረና ማስረጃው አይበቃም ብሎ በጽሑፍ አወጣው። እኛ ብንሆን? ይሉኝታ ይይዘናል። "ውለታው አለብኝ" ብለን እንውጠዋለን። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም የጠበቁት ይህንኑ ነበር። ዝም ሳይል ሲቀር የበላበትን ወጪት ሰባሪ አደረጉት።

ባክቴሪያው ግን የለም። በሽታው የተፈተገ ነጭ ሩዝ ብቻ ሲበሉ የሚመጣ የቫይታሚን እጥረት ነው። የባሕር ኃይሉ ሐኪም ታካጊ ካኔሂሮ ምግብ ቀይሮ መርከበኞቹን አዳነ። የምድር ጦሩ ሐኪሞች ግን ከዩኒቨርሲቲው የባክቴሪያ ሐሳብ ጋር ሙጭጭ አሉ። ከ1904 እስከ 1905 ከሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነት ከ25 ሺህ በላይ የጃፓን ወታደር በቤሪቤሪ አለቀ። የይሉኝታ ዋጋው ይሄ ነው። እርግጥ ኪታሳቶም መንስኤውን አላወቀውም። "ይህ አይደለም" ማለት ግን ያን ጊዜ ከማይክሮስኮፕ ይበልጥ ነበር። ዘመናዊ ሕክምና ጃፓን የገባው ያን ቀን ነው ብል አላፍርም።

ቂሙ አልበረደም። በ1892 ሲመለስ መንግሥት ቦታ አልነበረውም፤ የታወቀው ምሁርና አስተማሪ ፉኩዛዋ ዩኪቺ መሬትና ገንዘብ ሰጥቶ የተላላፊ በሽታዎች ተቋሙን አቆመለት። በ1914 ደግሞ መንግሥት ሳያማክረው ያንኑ ተቋም ወደ ትምህርት ሚኒስቴር አዛወረው፣ ለዚያው ዩኒቨርሲቲ ሊሰጥ። ሰውየው መልቀቂያውን ጻፈ። ባልደረቦቹም አብረውት ወጡ። በራሱ ገንዘብ ሌላ አቋቋመ።

እሺ፣ ሆንግ ኮንግ ላይ የቸነፈሩን ባክቴሪያ ፍለጋ የተፎካካሪው የየርሲን ሥራ ከኪታሳቶ የጠራ ነበር። ይሁን።

ውለታ ቢስ ነው የተባለው ይህ ሰው ግን ፉኩዛዋ ከሞተ በኋላ፣ ፉኩዛዋ በመሠረተው በኬዮ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን ሆኖ አገለገለ። ኮኽ በ1908 ጃፓንን ሲጎበኝ ጸጉሩ ተቆርጦ ነበር። ኪታሳቶ ያንን ጸጉር አስቀመጠ። በ1910 ኮኽ ሲሞት ለመምህሩ ቤተ መቅደስ ሠራና ጸጉሩን እዚያ አኖረው። ዛሬም ቶኪዮ ላይ፣ ኪታሳቶ ባቋቋመው ተቋም ግቢ ውስጥ አለ።