አነስተኛ መኪናም ቁልቁለት ያውቃል

አንድ ጸሐፊ ለአዲስ የጭነት መኪና ሾፌር ከባለተሳቢ ይልቅ አነስተኛው አይሱዙ ይሻላል ብለው ጽፈዋል። ለሜዳ እስማማለሁ። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርዱ ግን፣ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነውና፣ ነገሩ ይለወጣል። አብዛኛው ቀላል የጭነት መኪና የዘይት ፍሬን ነው ያለው፤ ደጋግመው ሲረግጡት ይግልና ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ባለተሳቢው የአየር ፍሬን ቢኖረውም እርሱም ሲግል አይዝም፤ ክብደቱ ደግሞ ስህተት አይምርም።

እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ከልክ በላይ ጤፍ ጭኜ በአራተኛ ማርሽ ወረድኩ (ባለጭነቱ «ትንሽ ናት፣ ትችላለች» ብሎኝ ነበር!)። የተቃጠለ ፍሬን ሲሸተኝ ዳር ይዤ ቆምኩ። ረዳቴ ጎማው ሥር ድንጋይ ሲያስገባ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ ፍሬኑ ብቻውን እንዳይለፋ ሞተሩም መኪናውን እንዲይዝ፣ ከባድ ማርሽ (ዝቅተኛውን) የማስገባው ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና ደጀን ላይ ነው።