ገበታው ላይ አራት፣ ወረቀቱ ላይ አንድ

ደብዳቤውን ያነበበችልን ልጅቷ ነች። ዕድሜዋ 14 ነው። እናቷ እንግሊዝኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፤ የመንግሥት ደብዳቤ እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎርም መሙላት ለሚከብዳቸው ወገኖች በፈቃደኝነት አግዛለሁ። ያን ቀን እናትና ልጅ ከብዙ ጊዜ መከፈትና መዘጋት የተነሳ የተጨማደደ ፖስታ ይዘው መጡ። ልጅቷ ጮክ ብላ እያነበበች፣ በየመሀሉ ለእናቷ ወደ አማርኛ እየመለሰች ሄደች። አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። «የቤተሰብ ብዛት፦ 1» ይላል። ከሥሩ ያለው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። የ2 ዓመት ወንድሟ ስም።

«እማ፣ እኛ የለንም» አለቻት።

እናትየው ወደ እኔ ዞር ብላ «ወንድሜ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ምንም አላጠፋችም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ነገሩ ሁላችንም ፉድ ስታምፕ ስለምንለው፣ ከ2008 ጀምሮ ደግሞ በይፋ ስናፕ ስለሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የምግብ ድጋፍ ነው። በ2024 በወር ወደ 42 ሚሊዮን ሰው ይጠቀምበት ነበር። ገንዘቡ በየወሩ ካርድ ላይ ይሞላል፣ በካርዱ ምግብ ይገዛል። ሳሙና አይገዛም፣ ዳይፐር አይገዛም፣ ትኩስ የበሰለ ምግብም አይገዛም። በአማካይ ሲሰላ ለአንድ ሰው በቀን ወደ 6 ዶላር ይደርሳል። ማንም በዚህ አይከብርም። ወር ግን ያደርሳል።

ይህች እናት ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ከታክስ በፊት በወር የምታገኘው 2,300 ዶላር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የቤት ኪራይ ይወስደዋል። ሁለቱ ትልልቅ ልጆች አብረዋት የመጡ ናቸው፤ ትንሹ እዚህ ተወለደ። የጥገኝነት ጥያቄዋ፣ ማለትም አሳይለሟ፣ ለዓመታት ከተንጠለጠለ በኋላ በ2025 መጀመሪያ ላይ ጸደቀላት። ያኔ አራቱም ፉድ ስታምፑ ላይ ተመዘገቡ። በወር ወደ 700 ዶላር ይሞላላት ነበር። ዓመቱ ሲደርስ እንደ ደንቡ ልታሳድስ ሄደች። ከዚያ ይህ ደብዳቤ መጣ።

የገቢ መስፈርቱን እንየው። ከኦክቶበር 2025 እስከ ሴፕቴምበር 2026 ባለው ጊዜ፣ አራት ሰው ላለው ቤተሰብ የፌዴራሉ የገቢ ጣሪያ ከታክስ በፊት በወር 3,483 ዶላር ነው። ጣሪያውን ከዚህ ከፍ ያደረጉ ግዛቶችም አሉ። እሷ ከጣሪያው ከ1,000 ዶላር በላይ ዝቅ ትላለች። ደሞዟ አልጨመረም። ኪራዩ አልቀነሰም። የልጆቹም ሆድ አልጠበበም። የተለወጠው ሕጉ ነው።

ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ትልቁ የግብርና የወጪ ሕግ ውስጥ አጭር አንቀጽ ገብታለች። ከእንግዲህ ፉድ ስታምፕ የሚያገኙት ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች፣ በተለየ ሁኔታ የገቡ የኩባና የሄይቲ ሰዎች፣ እንዲሁም ከአሜሪካ ጋር ልዩ ስምምነት ያላቸው የሦስት የፓስፊክ ደሴት አገሮች ዜጎች ብቻ ናቸው ትላለች። ከዝርዝሩ የወጡት እነማን ናቸው? ከስደተኛ ካምፕ ተመርምሮ፣ ተጣርቶ፣ «ና» ተብሎ የመጣው ስደተኛ ወጥቷል። ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ወጥቷል። በሰው ንግድ ተሽጦ ነፍሱን ያተረፈው ሳይቀር ወጥቷል። ግሪን ካርድ እስኪይዙ ድረስ አይገባቸውም።

ልብ በሉ፣ የማወራው ወረቀት ስለሌለው ሰው አይደለም። ወረቀት የሌለው ሰው ድሮም አያገኝም። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ጥገኝነት ጠያቂም ድሮም አያገኝም ነበር። የማወራው መንግሥት ራሱ «አምኜሃለሁ፣ እዚህ ኑር፣ ሥራ ሥራ» ስላለው ሰው ነው።

«ታዲያ ግሪን ካርዱን አያወጡም?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ሕጉ ውስጥ አለ። ስደተኛ ሆኖ የገባም ሆነ ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ለግሪን ካርድ የሚበቃው አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። ቶሎ ልጨርስ ቢልም አይችልም። ዓመቱ ሳይሞላ ካርዱ አይሰጠውም። ከዚያ ደግሞ መጠበቅ ነው። ያቺ እናት ዓመቱ እንደሞላ ወዲያው አመልክታለች። ደረሰኙ እዚያው ፖስታ ውስጥ፣ ከደብዳቤው ጀርባ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ደረሰኝ ግን ግሪን ካርድ አይደለም ተባለች። ስለዚህ ቆጥሮ የሚያስጠብቃት መንግሥት ነው፣ ስለጠበቀች የሚቀጣትም መንግሥት ነው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የዌልፌር ማሻሻያ ሕግ ለውጭ አገር ሰው እጅግ ጨካኝ ነበር። አብዛኛው ሕጋዊ ነዋሪ፣ ግሪን ካርድ የያዘው ሁሉ ሳይቀር፣ ከፉድ ስታምፕ ተፈነቀለ። ያ ሕግ እንኳ ስደተኛንና ጥገኝነት የተሰጠውን ሰው ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት አልነካም። ለምን? አዲስ የመጣ ሰው መቆሚያ ያስፈልገዋል የሚለው ሐሳብ ለሁሉም ግልጽ ስለነበር ነው። መጀመሪያ ደግፈው፣ ሲጠና በራሱ ይቁም ነው ነገሩ። በ2002 ደግሞ በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ዘመን ከተቆረጠው ብዙው ተመለሰ። ያኔ ነው ግሪን ካርድ ያላቸው ልጆች ያለ ጥበቃ እንዲያገኙ፣ አዋቂዎቹም ከ5 ዓመት በኋላ እንዲገቡ የተደረገው።

የ2025ቱ ሕግ ይህን ገለበጠው። ሰው አገሩን ባላወቀበት፣ አውቶቡስ በማይለይበት፣ ሥራ ባላገኘበት ጊዜ ይከለከላል። ሥራ ይዞ፣ ቋንቋ ለምዶ፣ ግሪን ካርድ ሲያገኝ «አሁን ማመልከት ትችላለህ» ይባላል። ብዙው ሰው በዚያን ጊዜ ፉድ ስታምፕ አያስፈልገውም እኮ! ያስፈለገው ባለፈው ዓመት ነበር።

«የግብር ከፋዩ ገንዘብ ለዜጋው ይቅደም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ክፉ ስለሆኑ ነው አልልም። ኑሮው ሁሉንም ነው የጎዳው፣ የሚቀርባቸው ነገር እንዳለም ይሰማቸዋል። ግን ቁጥሩን እንይ። የኮንግረሱ የበጀት ጽሕፈት ቤት በግምቱ፣ ይህ አንቀጽ በወር በአማካይ ወደ 90,000 ሰው ከፉድ ስታምፕ ያስወጣል ብሏል። ከ42 ሚሊዮኑ አንጻር ይህ ከሺህ ሰው ሁለት ሰው ማለት ነው። ሁለቱን በማስወጣት የቀሩት 998 ሰዎች ካርድ ላይ አንድ ሳንቲም አይጨመርም። እንዲያውም ያው ሕግ ለዜጎቹም አጥብቆባቸዋል፦ በወር 80 ሰዓት ሥራ የማሳየት ግዴታው እስከ 64 ዓመት ተዘርግቷል፣ ልጆቻቸው 14 ዓመት የሞላቸው ወላጆችም ውስጥ ገብተዋል። ለዜጋው ቅድሚያ የሚሰጥ ሕግ እንዲህ አያደርግም።

ከራሳችን ሰውም የምሰማው አለ። «እኛ ስንመጣ ማን ረዳን? ሁለት ሥራ እየሠራን ነው የቆምነው» ይላሉ። ሁለት ሥራ መሥራታችሁ እውነት ነው። ነገር ግን በ80ዎቹና በ90ዎቹ ከሱዳን ካምፕ ተነስታችሁ የገባችሁ ታላላቆቼ፣ ያንን ባለ ቀለም ወረቀት ኩፖን ታስታውሱታላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስኳርና ሩዝ የተገዛው በእሱ ነው። ማንም አላሳፈራችሁም፣ እናንተም አላፈራችሁም። ቆማችሁ ቤት ገዛችሁ፣ ንግድ ከፈታችሁ፣ ግብር ከፈላችሁ። ዛሬ የምትመጣዋ እናት የጠየቀችው ያንኑ ነው።

አሁን በተግባር ወደሚጠቅመው ልሂድ፣ ምክንያቱም ደብዳቤው ሲመጣ ብዙ ሰው ደንግጦ ሁሉንም ነገር ይተዋል። አትተዉ። ወላጅ ባይበቃም እዚህ የተወለደ ልጅ ይበቃል። ለልጁ ማመልከት ይቻላል። የወላጅ ገቢ በከፊል ይሰላል እንጂ ልጁን አያስወጣውም። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ግሪን ካርድ ያለው ልጅ 5 ዓመት አይጠብቅም። በስደተኝነት ወይም በጥገኝነት የመጣ አዋቂም ግሪን ካርዱን እንዳገኘ ይገባዋል፣ 5 ዓመቱ እሱን አይመለከተውም። ይህን በደንብ ያዙልኝ፣ ቢሮ ውስጥ ያሉት ሠራተኞችም አንዳንዴ ያምታቱታልና። ካርዱ በፖስታ የደረሰ ዕለት እንደገና አመልክቱ። ለነፍሰ ጡሮችና እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚሰጠው ዊክ፣ እንዲሁም የትምህርት ቤት ምሳ በዚህ ሕግ አልተነኩም።

ደግሞ «ፉድ ስታምፕ ከበላሁ ግሪን ካርዴን ይከለክሉኛል» እያሉ የሚፈሩ አሉ። በስደተኝነት የገባ ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ለግሪን ካርድ ሲያመለክት የመንግሥት ሸክም ይሆናል አይሆንም በሚለው መስፈርት አይመዘንም። በሕግ ነጻ ነው። በዚህ ፍርሃት ብቻ የልጆቻቸውን ጉዳይ የዘጉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ልቤን ነው የሰበሩት።

ግዛቶችም ማድረግ የሚችሉት አለ። ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ግዛት በፌዴራሉ ሕግ ለማይበቁ የተወሰኑ ሕጋዊ ነዋሪዎች ከራሳቸው ካዝና የሚከፍሉት የምግብ ድጋፍ አላቸው። አዲስ ነገር አይደለም፣ የ1996ቱ ቁርጥ ካመጣው ችግር የተወለደ ነው። እኛ ብዙ ሆነን በምንኖርባቸው ግዛቶች ለምን አይጠየቅም? በየምርጫው ድምፃችንን ፈልገው ቤተ ክርስቲያናችንና መስጊዳችን ድረስ የሚመጡ ተወካዮች አሉን። እጅ ጨብጠውን፣ ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ይህን አንድ ጥያቄ እንጠይቃቸው፦ መንግሥት ራሱ የተቀበለው ሰው፣ መንግሥት ራሱ በሚያስጠብቀው ጊዜ ውስጥ፣ ምን ይብላ?

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ። ለትንሹ ልጅ የሚሞላው ቢበዛ 298 ዶላር ነው፣ የእናቱ ገቢ ሲታሰብ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ቢሆንም እናሳድስ ተባባልን። ፎርሙን ከፈትነው። ስናፕ ቤተሰብ የሚለው በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉትን ሁሉ አይደለም፣ አብረው ምግብ የሚገዙትንና አብረው የሚያበስሉትን ነው። ስለዚህ ፎርሙ ይጠይቃል፦ እዚህ ቤት ውስጥ አብራችሁ ገዝታችሁ፣ አብራችሁ አብስላችሁ የምትበሉ ስንት ናችሁ?

ልጅቷ ጥያቄውን ለእናቷ ተረጎመችላት። እናትየው እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀበለች። «4» ብላ ጻፈች።