ማስተካከያ፦ የአይሁድ መቃብር ዘመንና የበር መቃን ምልክት

በደሴና በኮምቦልቻ የቆዩ ቤቶችንና መቃብሮችን ለሚመዘግቡ በተሰጠው መመሪያ ላይ «ከአይሁድ ዓመት 3760 ሲቀነስ የእኛ ዓመት ይገኛል» የሚለው ስህተት ነው። 3760 የሚሰጠው የፈረንጆቹን ነው፤ ለእኛ የሚቀነሰው 3768 ነው። የአይሁድም የእኛም ዘመን የሚለወጠው በመስከረም አካባቢ ስለሆነ ሂሳቡ የሚዛነፈው በዚያ ሰሞን ብቻ ነው።

ድንጋዩ ላይ ግን አኃዝ አይጠብቁ። ዓመቱ የቁጥር ዋጋ ባላቸው የዕብራይስጥ ፊደላት ይጻፋል፤ አምስቱ ሺህም አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። ለምሳሌ ታው 400፣ ሬሽ 200፣ ጻዴ 90፣ ዋው 6፤ ድምሩ 696፣ ማለትም 5696። 3768 ሲቀነስ 1928 ዓ.ም. ይመጣል። የአይሁድ ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚጀምር ማታ የሞተ ሰው በማግስቱ ቀን ይጻፋል።

ፊደሉ ከደበዘዘ በሽቦ ብሩሽ መፋቅም ሆነ በጠመኔ ማቅለም ክልክል ነው፤ የስልክ ባትሪ ከጎን አስጠግቶ ማብራትና ፎቶ ማንሳት ይበቃል። መቃብሩ ላይ የተቀመጡ ጠጠሮች ጎብኚ ያኖራቸው ናቸውና አይጠረጉ።

«ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ያለበት ቤት የአይሁድ ነው» የሚለውም ይሰረዝ። ኮከቡማ ላሊበላ ቤተ ማርያምም ውስጥ አለ! የተሻለው ምልክት የመዙዛ (አይሁድ በር መቃን ላይ የሚሰቅሉት፣ የቅዱስ መጽሐፍ ጥቅስ የያዘ ትንሽ ማኅደር) ቦታ ነው፦ ሲገቡ በቀኝ ባለው መቃን፣ የላይኛው ሲሶ በሚጀምርበት ከፍታ ላይ፣ የሚስማር ቀዳዳዎች ወይም ቀለም ያልነካው ጠባብ ቦታ። መቃኑ ከተቀየረ ምልክቱም አብሮ ሄዷል። ይህ የሚያገለግለው ከየመኗ የኤደን ከተማ መጥተው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ እንደ ሰፈሩት ነጋዴዎች ላሉ ቤተሰቦች ነው። ቤተ እስራኤል በጥንት ልማዳቸው ቅዱሳት መጻሕፍታቸው በግዕዝ ስለነበሩ የዕብራይስጥ ፊደል ፍለጋ እነርሱን አያገኛቸውም።