እንጀራችንን ተዉልን፣ ኪሎ ሰዓት ጠብቆ በመብላትም ይቀንሳል

ሰሞኑን አንድ የኤፍኤም ፕሮግራም ላይ የቀረበ የዳይት አሰልጣኝ "እንጀራ ካላቆማችሁ ኪሎ አትቀንሱም፣ ሰዓት ጠብቆ (በቀን ውስጥ በተወሰኑ ሰዓታት ብቻ) መብላት ራስን ማስራብ ነው" ብሎ ሲናገር ጋዜጠኛው አንድ ጥያቄ እንኳን ሳያነሳ እሺ እሺ እያለ አሳለፈው፣ እኔ ግን ማሳለፍ አልቻልኩም።

ማስረጃው ምን ነበር? ደንበኞቹ ካርብ (እንጀራና ዳቦ ውስጥ በብዛት ያለው ካርቦሃይድሬት) ባቆሙ በመጀመሪያው ሳምንት 4 ኪሎ መቀነሳቸው! ወንድሜ፣ ይሄ እኮ አብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነታችን ስኳርን ግላይኮጅን አድርጎ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ሲያስቀምጥ ለእያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ገደማ ውሃ አብሮ ይይዛል፣ ካርብ ስታቆም ክምችቱ ያልቅና ውሃው በሽንት ይወጣል፣ ሚዛኑ ዝቅ ይላል፣ ቦርጩ ግን እዛው ነው። እንጀራና ዳቦ ስትጀምር ውሃው ይመለሳል። ይሄን ሳይነግሩ ለሰው ፓኬጅ መሸጥ ነውር ነው።

ጥናት ከተባለ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የስታንፎርድ ጥናት አለ፣ 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ካርብ ግማሹን ቅባት አስቀንሰው ዓመት ሙሉ ተከታተሉ፣ ካርብ የቀነሱት በአማካይ 6 ኪሎ፣ ቅባት የቀነሱት 5.3 ኪሎ፣ ይሄ ነው የሚባል ልዩነት የለም። በ2022 ደግሞ ቻይና ጓንጁ ውስጥ 139 ሰዎች ሁሉም ካሎሪ ቀንሰው፣ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ የበሉት በዓመት 8 ኪሎ፣ ሰዓት ያልተገደበባቸው 6.3 ኪሎ ቀነሱ። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱ ጉልህ አይደለም ብለዋል፣ ይበሉ፣ ግን ሁሉም ካርብ እየበሉ ነው የቀነሱት፣ ታዲያ "እንጀራ ካላቆማችሁ" የሚለው ከየት መጣ?

ዋናው ነገር ግን የኛ ማዕድ ነው። ባለፈው ዓርብ ቢሮ ምሳ ላይ በያይነቱ መጣ፣ ኪቶ (ካርብን ከሞላ ጎደል የሚያስቀረውን ዳይት) የጀመረች ባልደረባችን ሽሮውን አትነካም፣ ምስሩን አትነካም፣ ክኩን፣ ድንቹን አትነካም፣ እንጀራውን በሹካ ገፋ እያደረገች ጎመኑንና ሰላጣውን ለቀመች፣ አንዷ ጉርሻ ስትዘረጋላት እጇን መለሰችባት፣ ማዕዱ ላይ ዝም ተባባልን። እንቁላል እንዳትበላ ፆም ነው፣ ሥጋም አይብም እንደዛው። ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርቡን፣ 55 ቀን ሁዳዴውን፣ ሌላውንም ስትደምረው በዓመት 180 ቀን ገደማ ይፆማል፣ በነዚህ ቀናት የሚያጠግበን ጤፍና ጥራጥሬ ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ከ70 ግራም በላይ ካርቦሃይድሬት አለ፣ ጥብቅ ኪቶ የሚፈቅደው ደግሞ በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም ነው፣ አንድ እንጀራ ሳትጨርስ ኮታህ አለቀ! በፍስኩስ ቢሆን በዚህ ኑሮ ውድነት በየቀኑ ሥጋና እንቁላል የሚችል ደሞዝተኛ ማነው? ይሄ ምክር ለሀብታም የተሰፋ ነው።

ሰዓት መጠበቅ ግን እናውቅበታለን። እናቶቻችን ቅዳሴ እስኪወጣ፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ይውላሉ፣ ሙስሊም ወገኖቻችን ረመዳንን አልፈው ሰኞና ሐሙስ የሚፆሙ አሉ። ልዩ ዱቄት አይገዛበት፣ ወጪ የለበትም፣ ከቤተሰብ ማዕድም አያስነሳም። እርግጥ 9 ሰዓት ጠብቆ በዘይት የተነከረ ሳምቡሳና ፓስታ የሚከምር አይቀንስም፣ እሱ የዘይቱና የመጠኑ ጥፋት ነው እንጂ የፆሙ አይደለም።

የስኳር ሕመምተኛ ካርብ መቀነሱ እንደሚጠቅመው አልክድም፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር መፆም የለበትም። ሌላውን ሰው ግን ከእንጀራው ማጣላት ምን ይባላል?

ጣቢያው በሚቀጥለው ሳምንት የሥነ ምግብ ባለሙያ ያቅርብልን፣ አሰልጣኙም ጎን ለጎን ይቀመጥና በሁዳዴ ምን በልተን እንዋል ለሚለው መልስ ይስጠን።