ሰርተፍኬቱ አለ፣ ዋሱስ?

ባለፈው ዓመት ጥቅምት አካባቢ አንድ ልጅ ዋስ ሁነኝ አለኝ። ልጁን ከሦስት ዓመት በላይ አውቀዋለሁ፣ ቢሯችን በር ላይ መኪና የሚጠብቅ፣ ማታ ማታ ደሞ እዛው ፎቁ ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድር፣ ጠዋት ስንገባ "ፋዘር ሰላም ነው?" እያለ ለሁላችንም እኩል ፈገግ የሚል ልጅ ነበር። የሆነ ጊዜ ላይ ጠፋ። አፍሰውት ይሆናል አልን፣ ከተማው ትልልቅ እንግዳ ሲጠብቅ የበረንዳ ልጆች እንደሚታፈሱ የማያውቅ የለማ። ለካስ እዚሁ ሰፈራችን ያለች አንዲት ትንሽዬ የበጎ አድራጎት ማህበር ወስዳው ዘጠኝ ወር ሙሉ ዳቦ ጋገራ ስታስተምረው ነበር። ሲመለስ ሰርተፍኬቱን ላሚኔት አስደርጎ በፌስታል ይዞ ነው የመጣው፣ ሥራም አግኝቷል፣ ቅርንጫፎች ያሉት ዳቦ ቤት ነው፣ አንድ ሌሊት አሠርተው ሞክረውት ወደውታል፣ የቀረው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ቋሚ ደሞዝ ያለው፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማምጣት የሚችል ዋስ።

እኔ ምን አልኩት? "እስቲ ላስብበት።" ሀበሻ "እስቲ ላስብበት" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እሱም ያውቃል። ሁለት ሳምንት በጓሮው በር ስገባ ከረምኩ።

ይሄን የምጽፈው ንስሐ ልገባ አይደለም (እሱም ቢሆን ባልጎዳኝ)። የጎዳና ልጆች ነገር በተነሳ ቁጥር የምንጨቃጨቀው ብር ይሰጣቸው አይሰጣቸው፣ ምግብ ይሻላል ወይስ ሙያ እያልን ነው፣ ከዛ አንዱ ተነስቶ ያቺን ዓሣ ከመስጠት ማጥመድ ማስተማር የምትለዋን ያመጣታል፣ ሁላችንም ራሳችንን ነቅንቀን እንለያያለን። እሺ ማጥመዱን ተማረ እንበል። ሐይቁ በር ላይ የቆመው ዘበኛ ግን ዋስ አምጣ ነው የሚለው። እና እኔ አሁን የማምነው እነዚህ የሰፈር ማህበራት ከሚሠሩት ሁሉ ትልቁ ሥራ ሙያ ማስተማሩ አይደለም፣ ለሰውየው ተያዥ መሆኑ ነው፣ እሱን ደሞ ማንም አይደግፈውም፣ ማንም ፎቶ አያነሳውም።

ሕሊናዬ ሲቆረቁረኝ ጊዜ ግቢያቸው ሄድኩ። ግቢ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ሁለት ክፍል የኪራይ ቤትና አንድ የቆርቆሮ ሼድ ነው፣ ሼዱ ውስጥ ምድጃ፣ ሁለት ሲንጀርና አንድ የብየዳ ማሽን አለ። 11 ልጆች ነበሩ። የሚመሩት እናት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ልጆቹ "ማዘር" ነው የሚሏቸው፣ እኔ እትዬ አልኳቸው። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ልጆቹ አንገት ላይ ያለውን ነገር ነው፣ ሁሉም በጫማ ክር ያሰሩት ትንሽ ቁልፍ አንጠልጥለዋል። የሎከር ቁልፍ ነው። እዚህ ግቢ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ቀን የሚሰጠው ነገር ይሄ ነው፣ ልብስም ምግብም ከዛ በኋላ። ለምን ስላቸው "በረንዳ ላይ ዕቃ የሚባል የለም" አሉኝ፣ ጫማውን ካልተንተራሰው ጠዋት በባዶ እግሩ ነው የሚነሳው፣ ስለዚህ ልጁ ቆልፎ ሄዶ ተመልሶ ሲመጣ ዕቃው እንደነበረ ማግኘትን መለማመድ አለበት። አንዱ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት በየአሥር ደቂቃው እየሄደ ሎከሩን ከፍቶ ያይ ነበር አሉ። ሎከሩ ውስጥ ያለው አንድ ሳሙናና አንድ ካልሲ ነው።

ሌላው እንቅልፍ ነው። እኛ ቀን አስፋልት ዳር ተኝተው ስናይ ሰነፎች ወይ ማስቲሽ የሳቡ ነው የሚመስሉን፣ ማስቲሹም አለ አልክድም፣ ግን ሌሊት ላይ የሚተኛ ልጅ ይዘረፋል፣ ይደበደባል፣ ሴት ከሆነች ደሞ ከዛ የባሰውን እኔ አልጽፈውም። ስለዚህ ሌሊት ነቅተው ቀን ይተኛሉ። ግቢ ሲገቡ ይሄ ልማድ ቶሎ አይለቃቸውም፣ ሌሊት ግቢው ውስጥ ሲዞሩ ያድራሉ። እትዬ ምን አሰቡ መሰላችሁ፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ያላቸውን ልጆች ዳቦ ጋገራ ላይ መደቧቸው፣ ሊጥ የሚቦካው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። የኔም ልጅ በዚህ መንገድ ነው ጋጋሪ የሆነው። እስቲ የትኛው ባለሙያ፣ የትኛው የፕሮጀክት ፕሮፖዛል ነው እንዲህ የሚያስበው።

ገንዘብም እንደዛው ነው። "ቢሰጣቸውም የዛኑ ቀን ነው የሚያጠፉት" ይባላል፣ ትክክል ነው ያጠፉታል፣ ኪሱ ውስጥ 200 ብር ይዞ በረንዳ ላይ የሚያድር ሰው ካለ ሞኝ ነው፣ ሌሊት ለሚወሰድ ብር ማታ በልተውበት መግባት ይሻላል። እትዬ አንድ ሰማያዊ ደብተር አላቸው፣ እያንዳንዱ ልጅ ዳቦ ሸጦ ወይ ተሸክሞ ካገኘው ላይ በየቀኑ የሚችለውን ያስቀምጣል፣ ይፈርማል፣ መፈረም የማይችለው ጣቱን በቀለም ነክሮ ያሳርፋል።

ሙያውን ስጠይቃቸው ግን ሳቁብኝ። "ልጄ፣ ሙያውማ በአራት ወር ይለመዳል። የቀረው አምስት ወር ወረቀት ነው።"

ወረቀት ማለት እንዲህ ነው። ልጁ በ12 ዓመቱ ከወላይታ በጭነት መኪና ነው የመጣው። የነዋሪነት መታወቂያ (ሁላችንም እስካሁን የቀበሌ ነው የምንለው) ለማውጣት ከመጣበት ቦታ መሸኛ አምጣ ይባላል፣ በጭነት መኪና ላይ ከጆንያ ጋር ለመጣ ሕፃን ማን ነው መሸኛ የሚጽፈው? መሸኛው ቢገኝ ደሞ ቅጹ ላይ የቤት ቁጥር የሚል አለ። የፎቁ ደረጃ ሥር ቁጥር የለውም። መታወቂያ ከሌለ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተና መመዝገብ የለም፣ በስሙ ሲም ካርድ የለም፣ ተደራጅቶ ብድር የለም። በዚህ በኩል እውነቱን ለመናገር ፋይዳ ነገሩን ትንሽ ቀለል አድርጎታል፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284/2015 ከወጣ ወዲህ ምንም ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ያለው ሌላ ሰው መስክሮለት መመዝገብ ይችላል፣ አሁን ደሞ ባንክም ፋይዳ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ እትዬ ልጅ በገባ በሳምንቱ ይዘውት ሄደው ራሳቸው ይመሰክሩለታል። ልብ በሉ፣ እዚህም ላይ የተፈለገው ሰው ነው። "አውቀዋለሁ" የሚል አንድ ሰው።

ድሮ ሰፈር ውስጥ የማታውቀው ልጅ ሲመጣ "የማን ልጅ ነህ?" ነበር የሚባለው። ዋስ የሚሉት ነገር ይሄው ጥያቄ በወረቀት ሲሆን ነው። ወ/ሮ አበበች ጎበና በ1972 ለንግሥ ግሸን ሄደው እናቷ በረሃብ የሞተችባትን ሕፃን አይተው ማለፍ ያቃታቸው ጊዜ፣ በዓመት ውስጥ 21 ልጅ ሰብስበው ከትዳራቸው እስከመውጣት የደረሱት፣ የሰጡት እንጀራ ብቻ አልነበረም። እሳቸው ካቋቋሙት የሕፃናት ማሳደጊያ የወጣ ልጅ የማን ልጅ ነህ ሲባል የሚጠራው ስም ነበረው።

የመቄዶንያ መፈክር "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" ይላል፣ ቢንያም በለጠ የጀመረው ያ ማዕከል አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማንን ከመንገድ እያነሳ አጥቦ፣ አልብሶ፣ አክሞ የሚያኖር ነው፣ በ2017 ለሕንጻው ማስጨረሻ ዩቲዩብ ላይቭ ላይ ቀን ከሌሊት ገንዘብ ሲሰበሰብ እኔም እንደሁላችሁም ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነበር፣ የአቅሜንም ልኬአለሁ። እዛ ላሉት ሰዎች ትክክለኛው ነገር አልጋና እንክብካቤ ነው፣ የ80 ዓመት እናት ተነስተሽ ሥራ ፈልጊ አትባልም። የ22 ዓመት ልጅ ግን ሌላ ነው፣ እሱን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ቢሆንም እሱ ለመቀጠር ግን ሰው መሆን አልበቃውም።

የሆፕ ኢንተርፕራይዝስን የምግብ ኩፖን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ዶ/ር ሚናስ ኅሩይ በ1960ዎቹ የመሠረቱት ድርጅት ነው፣ ኩፖኗን ትገዛለህ፣ መንገድ ላይ እጁን ለዘረጋው ትሰጣለህ፣ እሱ ሄዶ ትኩስ ምግብ ይበላባታል። ድርጅቱ ከዛ አልፎ ትምህርት ቤትም ኮሌጅም አለው፣ እኔ ግን የምወዳት ኩፖኗን ነው፣ ምክንያቱም "ለዚህ ሰው ለአንድ ምሳ ከጀርባው አለሁ" የምትል ትንሽ የዋስትና ወረቀት ናት። የጎደለን ለአንድ ዓመት የምትሆን ኩፖን ነው።

አሠሪዎቹን ልውቀስ ብዬ ነበር፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልችልም። የተሰረቀ ሰው ይጠነቀቃል፣ ገንዘብ ተቀባይ ላይ ዋስ ቢጠይቅ ይገባኛል። ዳቦ ጋጋሪ ግን ምን ይዞ ሊጠፋ ነው፣ እርሾ? ሳንቲም የማይነካ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገብቶ ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚወጣ ልጅ ነው። ዘበኛም፣ ዕቃ አጣቢም፣ ላቫጆም ዋስ አምጣ የሚባለው ቅጹ ላይ ስላለ ብቻ ነው፣ ቅጹ ላይ ለምን እንዳለ የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የኛ የዋሶቹ ፍርሃት ደሞ በአብዛኛው ካለማወቅ ነው፣ የኔም። እኔ ዋስ ስሆን ልጁ የሚያጠፋውን ሁሉ፣ ቤቴ እስኪሸጥ የምከፍል ነበር የመሰለኝ። ጓደኛዬ ጠበቃ ነው፣ ቡና ላይ ሳወራው "የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1922 አንብበህ ታውቃለህ?" አለኝ። አላነበብኩም፣ ማን ያነባል። ሕጉ ከ1952 ጀምሮ ያለ ነው፣ ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፣ ደሞም ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈበት ዋስትናው አይጸናም ይላል። ማለት "የሦስት ወር ደሞዙን ያህል" ብለህ ጽፈህ መፈረም ትችላለህ፣ ከዛ በላይ አንተን የሚነካ የለም። እኔ ሁለት ሳምንት በጓሮ በር የገባሁት ጣሪያው ለሚታወቅ ገንዘብ ነበር።

ታዲያ ይሄን ለምን ማህበራቱ ራሳቸው አይሠሩትም? የእትዬ መልስ አጭር ነው፣ ሞክረዋል፣ ፈንድ የሚሰጣቸው ሁሉ ሲንጀር መግዛት ይፈልጋል። ሲንጀር ፎቶ ይነሳል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ለዋስትና መያዣ የሚሆን ትንሽ ብር ባንክ ላይ አስቀምጡልኝ ብለው ሲጠይቁ "ብሩ ምን ላይ ዋለ ብለን ሪፖርት እናደርጋለን?" አሏቸው። ካልተነካ ምንም ላይ አልዋለም እኮ፣ ያው እሱ ነው ውጤቱ! ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ደሞ ስንት ልጅ ሰለጠነ የሚለው ነው፣ በዓመቱ ስንቱ ሥራ ላይ ነው፣ ስንቱ የቤት ኪራይ እየከፈለ ነው ብሎ የሚጠይቅ እስካሁን አላጋጠማቸውም። በዚህ ላይ እኔ ተናድጄ ነው የምጽፈው።

እድሮችስ? እድር እኮ ሬሳ ብቻ ሳይሆን ሕያውም መሸከም የሚችል ተቋም ነው፣ ገንዘብ አለው፣ ማህተም አለው፣ ዳኛ አለው፣ ሰፈር ውስጥ ማን ማን እንደሆነ ከወረዳው የተሻለ ያውቃል። አንድ እድር በዓመት ለሁለት ልጅ፣ ጣሪያው በተጻፈ ዋስትና ቢፈርም ካዝናው አይናጋም። የኛን እድር ሰብሳቢ ጠይቄአቸው "ስብሰባ ላይ እናነሳዋለን" ብለውኛል፣ እሱም እንደኔ "እስቲ ላስብበት" ይሁን አይሁን ገና አላወቅኩም።

ልጁ በመጨረሻ ተቀጥሯል፣ በኔ አይደለም። የእትዬ የቀድሞ ተማሪ የነበረች አንዲት ነርስ ፈረመችለት፣ ልጁን አይታው አታውቅም፣ እትዬን ግን ታውቃለች። ስምንት ወር አልፎታል። አሁን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቷል፣ እቁብ ገብቷል፣ አንገቱ ላይ ያለው ቁልፍ ግን እሱው ነው፣ የድሮው የሎከሩ፣ እትዬ መልስ ቢሉት ጠፋብኝ ብሎ ዋሽቷቸዋል። ጠዋት ጠዋት እዛ ዳቦ ቤት ስገባ ከውስጥ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ብቅ ይልና "ፋዘር ሰላም ነው?" ይለኛል፣ በጓሮ በር ስገባ የነበረውን አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

እትዬ ባለፈው ሳምንት ደውለውልኝ ነበር። ግንቦት ላይ ሦስት ልጆች ይጨርሳሉ፣ አንዷ ስፌት የተማረች ናት፣ ጋርመንት ፋብሪካ ቦታ አግኝታለች፣ ዋስ የላትም። እሺ አልኳቸው፣ አሁን የደሞዝ መግለጫ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቴ ጠይቄ እየጠበቅኩ ነው፣ ኤችአሮቹ "ለዘመድህ ነው?" ሲሉኝ አዎ ብያቸዋለሁ።